ቅቤ የተቀባው መብራት

«በቤንዚን! ቅቤዬን በቤንዚን ጠረገው! ኑ እስቲ ይህን ጨርቅ አሽትቱልኝ፣ ያበድኩት እኔ ነኝ?»

አዴ ተረፈች ጨርቁን ከጌዲ እጅ ነጥቀው በግቢው መሐል ከፍ አድርገው ያዙት። ባላቸው ኦቦ ጎበና የፒካፑን በር ተደግፈው ቆመዋል። ልጃቸው ዲሪርሳ መሪው ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ታናሺቱ ሊቤ ደግሞ ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀምራለች።

«የጠረግኩት መብራቱን ብቻ ነው፣ አዴ» አለ ጌዲ። «የጀልባዋ አፍንጫ ላይ የቀቡትን አልነካሁም። ይኸው ይዩት፣ እንዳለ ነው።»

«ሳሩስ? ሳሩ ምን አደረገህ?»

«መብራቱን ሸፍኖት ነበር።»

«ሸፈነው! ምርቃቴ ሸፈነው!» ወደ ባላቸው ዞሩ። «ሰማህ ጎበና? ጴንጤው ሳራችንንም ቅቤያችንንም ጣዖት ነው ማለቱ ነው። አፉን ከፍቶ ቢናገረው ይሻለው ነበር።»

«እንደሱ አላልኩም፣ አዴ።»

«አላልክም። ጠረግከው እንጂ!»

ጌዲ ከቦዲቲ መጥቶ በዚህ ግቢ በር ሲበይድ፣ የውኃ ታንከር ማቆሚያ ሲገጥም ክረምትና በጋ ተፈራርቀውበታል፤ የአዴ ተረፈችን ቁጣም ያውቀዋል። እንደ ዛሬው ግን አይቶት አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ቅቤውም ሳሩም ደስ አላሰኙትም ነበር። ቀደም ብለው የጀልባዋን አፍንጫ ሲቀቡ አንገቱን ደፍቶ ከበሩ ማጠፊያ ጋር ሲታገል ቆይቷል። ዝም ብሎ ሊያሳልፈው ይችል ነበር። መብራቱ ባይሆን ኖሮ ያሳልፈው ነበር።

ነገሩ የመጣው ከጀልባዋ ርዝመት ነው። አዋሽ በክረምት ሞልቶ ሲወጣ ከተፍኪ በታች ያለው ሜዳ ሐይቅ ይሆናል፤ በውኃው መሐል የቀሩት መንደሮች እህላቸውንም በሽተኛቸውንም ባዶ በርሜል ላይ ጭነው ነው የሚያሻግሩት። አዴ ተረፈች የተወለዱት ከነዚያ መንደሮች በአንዱ ነው። ኦቦ ጎበና ሚስታቸው ስንት ክረምት ሲወተውቷቸው ኖረው በዚህ ዓመት የብረት ጀልባ አሠሩ፤ የበየደውም ጌዲ ነው። ጀልባዋ አምራ ወጣች። የብረት በሮች ለማመላለስ በተገዛችው አሮጌ ተሳቢ ላይ ስትጫን ግን ኋላዋ ከተሳቢው ጫፍ አልፎ ወጣና፣ ከሥር ያሉትን ሁለት መብራቶች ሰፊ ባርኔጣ ፊትን እንደሚሸፍን ሸፈናቸው። ጌዲ አጥሩ ላይ ወጥቶ የከባድ መኪና ሹፌር ከሚቀመጥበት ከፍታ ቁልቁል አየ። ምንም አይታይም። ጥቁር ብረት ብቻ።

ስለዚህ አንድ ጣውላ ፈለገ። ግቢው ውስጥ ብረት እንጂ ቀና ያለ እንጨት ስላልነበረ ከገዛ አልጋው ርብራብ አንዱን ነቀለ። ከአንድ ከተፈታታ ላዳ የወጡ ሁለት ቀይ መብራቶች በጣውላው ላይ ገጠመ፤ ጫፍና ጫፉ ላይ መብራት ሲያርፍባቸው የሚያበሩ ቀይ አንጸባራቂዎች መታ፤ ሽቦውን በጀልባዋ ሆድ አሳልፎ ከፒካፑ ጋር አገናኘው። ከዚያም ጣውላውን በጀልባዋ ኋላ ላይ አግድም አሰረው። ፍሬን ሲያዝ መብራቶቹ ደምቀው ይበራሉ። አጥሩ ላይ ቆሞ አይቶታል።

አዴ ተረፈች ከአፍንጫዋ ጀምረው እየመረቁ ዞረው ኋላዋ ላይ ሲደርሱ፣ ሁለቱ ቀይ መብራቶች ዓይን መሰሏቸው። ዓይንን ሳይቀቡ ማለፍ አይሆንም። እጃቸውን ቅቤ ሞልተው ቀቧቸው፣ ከሥር ያሉትን የተሳቢውን መብራቶችም ጎንበስ ብለው ቀቧቸው፤ ከዚያም እርጥቡን ሳር ጎንጉነው በጣውላው ላይ አሰሩት። ቅቤ ደግሞ ጭቃ ይይዛል። ሰበታን ሳይለቁ ሁሉም የጭቃ እንክብል ይሆናል። ጌዲ ይህን አስቦ ሰው ዘወር ሲል ሳሩን አነሳ፣ ጣውላውን ፈታ፣ ጨርቅ ቤንዚን አስነክቶ መጥረግ ጀመረ፤ ሊቤ አየችው።

«እህቴ እዚያ ውኃ ዳር ነው የሞተችው!» አሉ አዴ ተረፈች። ድምፃቸው ተሰበረ፤ እንባቸው እውነተኛ ነበር። «ምጥ ይዟት! በርሜል ላይ አስተኝተዋት፣ በርሜሉ እየተገላበጠ! ይቺን ጀልባ የለመንኩት ለማን ይመስልሃል? ዛሬ ቀኑ ደርሶ ስመርቃት አንተ ቤንዚን ይዘህ ትመጣብኛለህ? ከግቢዬ ይውጣ! ዛሬውኑ ክፍሌን ይልቀቅልኝ ጎበና፣ ዛሬውኑ!»

ጌዲ ሳያስበው ወደ ሰርቪስ ቤቱ ዞረ። ሚስቱ ተስፋነሽ በሩ ላይ ቆማለች። አራስ ናት፤ ሕፃኗን ጣቢታን በነጠላ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛለች። ከውጭ ዝናቡ ከቆርቆሮው ጠርዝ ይንጠባጠባል። በዚህ ክረምት አራስና ሕፃን ይዞ ቤት መፈለግ ምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል። ከዚህ ክፍል በፊት ነፍሰ ጡር ሆና ስትከራይ «ከወለድሽ ውኃ ታበዣለሽ» እየተባለች ከሦስት ደጅ ተመልሳለች።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አዴ» አለ ጌዲ። «አጥፍቻለሁ።»

«በአፍ ነው? እህቴን በአፍህ ነው የምትመልሳት?»

«ተዪ እንግዲህ» አሉ ኦቦ ጎበና ሰማዩን እያዩ። «ሰዎቹ ውኃው ዳር እየጠበቁ ነው። መብራቱ ይታሰርና እንሂድ።»

«እዚያ ላይማ አይታሰርም! ሳሬን መልሼ አስሬበታለሁ። ውኃ እስኪነካው ማንም እጁን አያደርስበትም።»

«ሌላ ቦታ የለም፣ አዴ» አለ ጌዲ። «ከሳሩ ወዲያ ያለው የሞተሩ መቀመጫ ነው።»

«እንግዲያ ያለ መብራት እንሄዳለን።»

«ያለ መብራትማ ትራፊኩ ኬላው ላይ ይይዘናል» አሉ ኦቦ ጎበና፤ አገጫቸውን አሻሹ። ስለሚከተላቸው መኪና አልነበረም የሚያስቡት።

ያን ጊዜ ዲሪርሳ ከፒካፑ ወረደ። ቀልድ ሲመጣለት ከንፈሩን የሚልስበት ልማድ አለው።

«መላ አለኝ» አለ። «ይቅርታ የሚጠየቀው ድንጋይ ተሸክሞ አይደል? ድንጋዩን እንተወው። ጣውላውን ይሸከም! ጀልባዋ ላይ ይውጣና እስከ ተፍኪ አንገቱ ላይ አድርጎት ይሂድ። ይቅርታውም ይደርሳል፣ መብራቱም ይበራል።»

«ወይኔ ዲሮ!» አለች ሊቤ። «ይሄማ ሚሊዮን ቪው ነው።»

ኦቦ ጎበና «ነውር ነው» አሉ፤ ግን ቀስ ብለው ነው ያሉት። ሚስታቸውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ ጀልባዋን አዩ። «ያው እስከ ተፍኪ ሩቅም አይደል» አሉ።

አዴ ተረፈች እንባቸውን ጠረጉ። ጌዲን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት። «ተንበርክኮ» አሉ። «ድንጋይ የተሸከመ ሰው ተቀምጦ አይሄድም።»

ጌዲ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከተሸከምኩ… ክፍሉ…»

«ተሸከምና ያልቃል፣ አቦ!» አለ ዲሪርሳ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ።

ጌዲ ወደ ኦቦ ጎበና አየ፤ እሳቸው የጎማውን ንፋስ በእግራቸው ይሞክራሉ። ወደ አዴ ተረፈች አየ፤ እሳቸው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ሁለቱም አልተናገሩም። እሱም ዝምታቸውን እንደ ቃል ተቀበለ። አዴ ተረፈች ጨርቁን ወረወሩለት፤ አንስቶ ኪሱ ከተተው።

ተስፋነሽ ሕፃኗን እንደያዘች ከፍራሻቸው ሥር የሚነጠፈውን ላስቲክ ይዛ መጣች። እንደ ካባ ትከሻው ላይ ጣለችለት። ጣውላውን አየችው።

«የአልጋዬ እንጨት እኮ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«አመጣዋለሁ።»

«ጎድጉዶብኛል፣ ጌዲ። ጀሪካን ደግፌበት ነው የምተኛው።»

«አመጣዋለሁ አልኩሽ።»

---

ሰበታን ሲያቋርጡ ፋብሪካዎቹ ሠራተኛ የሚለቁበት ሰዓት ነበር። መንገዱ ዳርና ዳር ጋዋናቸውን በፌስታል ጠቅልለው የቆሙ ሴቶች፣ ጃኬታቸውን ራሳቸው ላይ የደረቡ ወንዶች ሞልተውታል። ጌዲ በጀልባዋ ኋላ ላይ ፊቱን ወደ መጣበት አድርጎ ተንበርክኳል። ጣውላው ማጅራቱ ላይ ነው፤ በሁለት እጁ ጫፍና ጫፉን ይዟል፤ ቀዮቹ መብራቶች ከሁለቱ ጆሮዎቹ ወዲያ ይበራሉ። ከጉልበቱ ፊት የአዴ ተረፈች ሳር በንፋሱ ይወዛወዛል።

«የኖኅ መርከብ!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ሰልፉ ሳቀ።

«ኖኅዬ፣ እኛንም ጫነና!»

«ምን አጥፍቶ ነው? ሰርቆ ነው?»

«በግ ነው የሰረቀው፣ ፊቱን አታየውም?»

ፒካፑ ለእግረኛ ቆመ። ከታክሲ ሰልፉ መሐል ሕዝቅያስን አየው፤ እሑድ እሑድ አንድ አግዳሚ ላይ የሚቀመጡ፣ አንድ መዝሙር የሚዘምሩ ናቸው። ሕዝቅያስ ሰላም ሊለው እጁን አነሳ። ከዚያ ጣውላውን አየ፣ ጉልበቱን አየ፤ እጁን አውርዶ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሆነ። ጌዲ አልተቀየመውም። እሱም በሕዝቅያስ ቦታ ቢሆን ታክሲ ይጠብቅ ነበር።

ኬላው ላይ ትራፊኩ ዣንጥላውን ከፍ አድርጎ መብራቶቹን አያቸው፣ ከመሐላቸው ያለውን ሰው አየ፣ በእጁ እለፉ አለ። የሚጠይቀው መብራት ነው፤ መብራት አለ።

ከከተማው ሲወጡ ዝናቡ በረታ። ላስቲኩ በንፋሱ ተገልጦ ጀርባው ላይ ይውለበለብ ጀመር። የጀልባዋ ወለል በብየዳ የተጋጠመ ነው፤ እያንዳንዱን መጋጠሚያ የሠራው እሱ ስለሆነ ጉልበቱ ሥር ያለው የትኛው እንደሆነ ያውቃል። ያልሞረደው አንድ ጉብታ ነበር፤ ማንም አይነካውም ብሎ የተወው። ግራ ጉልበቱ በትክክል እሱ ላይ አርፏል። ትንሽ ፈቀቅ ሊል ሞከረ፤ ጣውላው ሲያዘም ተወው።

አንድ ነገር ግን አስደሰተው፤ መደሰቱም አሳፈረው። ዲሪርሳ ፍሬን በያዘ ቁጥር መብራቶቹ ደምቀው ዝናቡ ላይ ቀይ ይረጫሉ፤ ያን ጊዜ ከኋላ ያለው መኪና ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሩቅ ሆኖ ነው የሚቀንሰው። አንድ ሚኒባስ፣ አንድ አይሱዙ፣ ድንች የጫነ ሌላ አይሱዙ፤ ሁሉም ያዩታል። አንዱ ሹፌር ሲያልፍ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ «ምን ዓይነት ፍርድ ነው ይሄ?» ብሎ ስቆበታል፤ ግን እያየው፣ ርቀቱን ጠብቆ ነው ያለፈው። ይሠራል፣ አለ ጌዲ በሆዱ። ቁመቱ ልክ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ በእንጨት ፈንታ በብረት እሠራዋለሁ፣ የሚነቀል፣ ሁለት ማሰሪያ ያለው።

ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ከፊቱ የነበረው ቀይ ቀለም ጠፋ።

መጀመሪያ ሽቦው ተበጥሶ መሰለው። ጣውላውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ሽቦውን ሳበ፤ ጠንካራ ነው። አንገቱን አዙሮ ወደ ፒካፑ አየ። በኋላው መስታወት የሊቤ ስልክ ወደ እሱ ተደግኗል። ከሷ ወዲያ ዲሪርሳ አንድ እጁን አንስቶ ማብሪያ ማጥፊያ እንደሚጫን ሰው ጣቱን ያንቀሳቅሳል፤ ትከሻው በሳቅ ይነቀነቃል።

«አብራው!» አለ ጌዲ። «ዲሪርሳ! አብራው!»

የሊቤ ሳቅ በመስታወቱ ታየው። ድምፅ አልነበረውም።

ፊቱን ወደ ኋላ ሲመልስ አንድ ሲኖ ገልባጭ መኪና አየ። ድንጋይ የጫነ ነው፤ ቁልቁለቱን ይዞ ይወርዳል፤ መብራቱ ገና ሩቅ ነበር፣ ከዚያ ሩቅ አልሆነም። በደመናው ሥር ጥቁር ብረት፣ ጥቁር ጭቃ፣ ጥቁር አስፋልት አንድ ላይ ናቸው። ጌዲ መጮህ እንደማይረዳ አወቀ። መዝለልም አሰበ፤ ተስፋነሽን አሰበ፣ አልዘለለም። ጣውላውን ከማጅራቱ አውርዶ በሁለት እጁ ከፊቱ ያዘው፣ ጫፎቹ ላይ ያሉት አንጸባራቂዎች ከሲኖው መብራት ጋር ፊት ለፊት እስኪገጥሙ ወደ ታች አዘመመው። እነሱ ኤሌክትሪክ አይፈልጉም። ሁለት ቀይ ነጥቦች ድንገት እጁ ላይ በሩ።

ጥሩምባው ጆሮውን አደነቆረው። ሲኖው ፍሬን ይዞ ጎማው ውኃ ላይ ተንሸራተተ፣ ወደ ግራ ተወረወረ፣ መስታወቱ የጀልባዋን ጠርዝ እየፋቀ አለፈ። ከካቢናው ውስጥ አንድ ሰው «አንተ እብድ!» ብሎ ጮኸ። ለጌዲ ነው የጮኸው።

ዲሪርሳ ጥግ ይዞ ቆመ። መብራቱን አበራው። ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ለምን አትጮህም አንተ?»

«ጮህኩ።»

«እኔ አልሰማሁም! የሚሰማ ነገር አትጮህም?»

ኦቦ ጎበና ከፊተኛው ወንበር ሳይወርዱ «ጅል» አሉ። ማንን እንዳሉ ጌዲ አላወቀም።

አዴ ተረፈች ግን ወረዱ። ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ አጥብቀው፣ በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተቱ ወደ ጀልባዋ ኋላ መጡ። ሲኖው የፋቀውን በጣታቸው ዳበሱ። ሳሩን ዳበሱ፤ እንዳለ ነው። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«ዋቃዮ ገለቶሚ! አምላኬ ተመስገን! አያችሁ? አያችሁልኝ? ቅቤው ነው ያተረፈን! እንደዚህ ሰውዬ ቢሆን ኖሮ አልቀንልህ ነበር።»

ከጉያቸው በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ አወጡ፤ ለውኃው ዳር ያስቀመጡት ነው። ዘግነው ሳሩን ቀቡት። ጎንበስ ብለው የተሳቢውን መብራቶች ደገሙላቸው። ከዚያ ቀና አሉና ጌዲን አዩት፣ ጣውላውን አዩት።

«ዝቅ አድርገው።»

ጌዲ ጣውላውን ዝቅ አደረገው። አዴ ተረፈች የቀኙን መብራት ቀቡ፣ የግራውን ቀቡ፣ አንጸባራቂዎቹንም ቀቡ፤ የተረፋቸውን በግንባሩ ላይ አበሱት። ተቆጥተው አልነበረም። ልጅ እንደሚቀባ ሰው ነው የቀቡት።

«እስቲ አሁን ደፍረህ ጥረገው» አሉ። «በመስታወቱ አይሃለሁ።»

ጨርቁ ኪሱ ውስጥ ነበር። የቤንዚኑ ሽታ ይመጣበታል። ጣውላውን መልሶ ማጅራቱ ላይ አደረገና ተንበረከከ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እያንዳንዱ የሚያልፍ መኪና ጭቃ ረጨበት። ዝናቡ ፊቱን ያጥባል፤ ቅቤ የተቀባውን ግን አያጥብም። ዝናቡ ላይ ይረጭ የነበረው ቀይ መጀመሪያ ቡና መሰለ፣ ከዚያ ደበዘዘ፣ ተፍኪ ሊደርሱ ሲሉ ጨርሶ አልነበረም። መብራቶቹ ግን እየበሩ ነው፤ ሙቀታቸው ጆሮው ላይ ይሰማዋል። ከኋላ የሚመጡት መኪኖች አጠገቡ እስኪደርሱ አያዩትም ነበር። አንዱ ለጥቂት ሳተው፤ ከዚያም ሌላው። ጌዲ ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ። መጀመሪያ ስለ ነፍሱ ጀመረ፤ ጥቂት ቆይቶ ስለ ክፍሉ ሲጸልይ ራሱን አገኘው።

---

ውኃው ዳር የተሰበሰበው ሰው ፒካፑን ሲያይ እልል አለ። ሜዳው እስከ ዓይን ማረፊያ ውኃ ነው፤ የዛፎች አናትና የጎጆ ጣሪያዎች እዚህና እዚያ ብቅ ብቅ ብለዋል። ከወዲያኛው ማዶ ሰዎች ነጠላ ያውለበልባሉ። ኦቦ ደቻሳ፣ የአዴ ተረፈች አጎት፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ከፊት ቆመዋል።

ዲሪርሳ ተሳቢውን ወደ ውኃው ሲገፋው ወንዶቹ ተረባርበው ጀልባዋን አንሸራተቷት። ጌዲ ከሷ ሲወርድ ግራ እግሩ አልታዘዘው አለና ጭቃው ላይ በእጁ ወደቀ። ጣውላውን ግን መሬት አላስነካውም። ጀልባዋ ውኃ ነካች፣ ትንሽ አዘመመች፣ ቀና ብላ ተንሳፈፈች። ጌዲ ወለሏን አየ። አንዲት ጠብታ አልገባባትም።

ኦቦ ደቻሳ መረቁ፤ ሰዉ «ሃ ተኡ! ይሁን!» እያለ ተቀበለ። አዴ ተረፈች ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ገብተው ሳሩን ፈትተው ለውኃው ሰጡት፤ ሲያለቅሱም ሲስቁም ነበር። ከዚያ ሲወጡ ጌዲን ተሳቢው አጠገብ ቆሞ አገኙት። ፊታቸው በርቷል።

«ና ወዲህ» አሉት። ሁለት እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። «ይቅር ብዬሃለሁ። ከልቤ ነው። ተሸክመሃል፣ ደርሷል። ቂም የለኝም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አዴ።»

«ክፍሉን እስከ እሑድ ታስረክበኛለህ።»

ጌዲ የሰማውን ያልሰማ መሰለው። «ክፍሉን?»

«እሑድ አልኩ። ዝናቡም ይቀንስ ይሆናል።»

«ይቅር ብለውኛል እኮ፣ አዴ።»

«ብዬሃለሁ። ይቅርታው ሌላ ነው፣ ክፍሉ ሌላ ነው። ምርቃቴን የጠረገ እጅ ከልጆቼ ጋር አንድ ግቢ አያድርም። ይሄ ክፋት አይደለም፣ አንተም ታውቀዋለህ።»

ጌዲ ወደ ኦቦ ጎበና ሄደ። እሳቸው ከኦቦ ደቻሳ ጋር ስለ ሞተሩ ይነጋገራሉ።

«ኦቦ ጎበና፣ አራስ ናት።»

ኦቦ ጎበና ዓይናቸውን ከጀልባዋ አልነቀሉም። «ሥራህን የነካው የለም» አሉ። «ከውጭ እየመጣህ ትሠራለህ። የሴቶቹን ነገር እኔ ምን አደርጋለሁ?»

«ከተሸከምኩ ይቀራል ብዬ ነው።»

«ማን አለህ?» አሉ ኦቦ ጎበና። ተገርመው ነው የጠየቁት።

ጌዲ አሰበ። እውነትም ማንም አላለውም ነበር።

ያን ጊዜ ከማዶ ለመምጣት የመጀመሪያው ማን እንደሚሆን ክርክር ተነሳ። ኦቦ ደቻሳ ሽማግሌ ይቅደም አሉ፤ አዴ ተረፈች የለም፣ ሴት ናት የምትቀድመው፣ ያውም ነፍሰ ጡር፣ አሉ። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም እየተጯጯሁ ይሳሳቁ ነበር። ዲሪርሳ የፒካፑን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ወደ ጀልባዋ ሲሮጥ ዞሮ ተጣራ።

«ጌዲ! ያቺን ጣውላ ተሳቢው ላይ እሰራት፣ ስንመለስ ይጨልማል!»

«እሺ» አለ ጌዲ።

ከተሳቢው ኋላ ተቀመጠ። ጀልባዋ ስትወርድ የተሳቢው የራሱ መብራቶች ተገልጠዋል። አሁን ከላያቸው የሚሸፍናቸው ነገር የለም፤ ከሩቅ መታየት ነበረባቸው። ግን ሁለቱም የጭቃ እንክብል ናቸው፤ ተሳቢው ውኃ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ እንኳ ቅቤው ጭቃውን አልለቀቀም። ጥፍሩን ሰደደበት። ጣት ያህል ገባ። መጥረግ ቀላል ነበር። ጨርቁን ከኪሱ አወጣው፤ ቤንዚኑ ገና ይሸታል። 

ከውኃው ላይ የአዴ ተረፈች ሳቅ ተሰማ።

ጌዲ ጨርቁን መልሶ ኪሱ ከተተው። የጣውላውን ሽቦ ከፒካፑ ነቀለ፣ በክርኑና በመዳፉ መሐል እየዞረ ጠቀለለው፣ አሰረው። ጣውላውን ትከሻው ላይ አደረገ፤ በዚህ ጊዜ እንደ ማንኛውም እንጨት፣ በአንድ በኩል። በሰዉ ኋላ አልፎ ወደ አስፋልቱ ወጣ። አንድ ሰው መንገድ ሊለቅለት ትንሽ ገለል አለ፤ ዓይኑ ግን ጀልባዋ ላይ ነበር።

የሰበታው ሚኒባስ ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶታል። ረዳቱ ጣውላውን አየ።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ? መኪና አፍርሰህ ነው?»

«የአልጋ እንጨት ነው።»

«ሶኬትም አለው እንዴ አልጋህ!» ብሎ ሳቀ ረዳቱ። «ግባ፣ ጉልበትህ ላይ ያዘው፤ ሰው እንዳትወጋ።»

ጌዲ ከኋላ ወንበር ጥግ ገባ። ጣውላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ፣ ጨርቁን አወጣና የቀኙን መብራት መጥረግ ጀመረ። ጭቃው ለቀቀ፣ ቅቤው ለቀቀ፣ ቀዩ ብርጭቆ ወጣ። ወደ ግራው ሲሻገር ሹፌሩ በሩን አስዘጋና ሚኒባሱ ተነሳ።